ድሮ ማደያ የነበረ ግቢ፦ የጉድጓዱን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል?

በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ የተከራየነው ግቢ ድሮ ነዳጅ ማደያ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ አፍልተን ብንጠጣውስ?»

መልሴ፦ በፍጹም! ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ውሃውን ከቤንዚን አያጸዳም። ጭራሽ ትነቱን ቤት ውስጥ ትተነፍሱታላችሁ።

ለምን ያሰጋል? ማደያው ቢዘጋም ከተቀበረው ታንከር የፈሰሰ ቤንዚን አፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በውስጡ ያለው ቤንዜን የሚባል ኬሚካል ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ መቅኔን ይጎዳል፣ የደም ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ቤንዜን ውሃ ውስጥ የሚሸተን ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ «ሽታው ጠፍቷል» ማለት ውሃው ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ምን እናድርግ?
👉 ውሃውን ለመጠጥ፣ ለምግብም ሆነ ለሻወር አትጠቀሙ።
👉 ላብራቶሪ ስታስመረምሩ «ቤንዜን ይታይልን» በሉ፤ የጀርም ምርመራ አያሳየውም።
👉 ጽዳቱ የባለሙያ ነው፦ ታንከሩ ይወጣል፣ የተበከለው አፈር ይነሳል፣ የቀረው ትነት በማሽን ይሳባል፣ ውሃውም ይጣራል። ላዩን ሲሚንቶ ማልበስ ጽዳት አይደለም።
👉 ውሃውን ስትጠጡ ከቆያችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ የደም ምርመራ ያዝላችኋል።

ግቢ ለሚከራይ ወዳጅዎ ሼር ያድርጉ!