የተሸጠ መኪና ተመልሶ ሲጠራ
ስለ ሃይብሪድ ፒክአፕ የእርማት ጥሪዎችና ስለ ባለቤቶች አቤቱታ

ነጋዴ ዕቃውን አስረክቦ፥ ዋጋውን ተቀብሎ፥ ደረሰኙን ቈርጦ ከሰጠ በኋላ ነገሩ አለቀ ብሎ ማሰብ የቆየ ልማድ ነው። በአውቶሞቢል ንግድ ግን ይህ አስተሳሰብ ከቀረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መኪናው ከተሸጠ ከአንድ ወይም ከአምስት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሠሪው ኩባንያ ራሱ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በመኪናው ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት መገኘቱን ያስታውቃል፤ ወደ ወኪሉ ጋራዥ ቢያመጣው ያለ ዋጋ እንደሚታረምለትም ይገልጻል። እንግሊዞቹ «ሪኮል» የሚሉት ይህ አሠራር በዚህ ጽሑፍ «የእርማት ጥሪ» ተብሏል።

የአሠራሩ ምንጭ የአሜሪካ ሕግ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በመስከረም ወር 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ፥ ኩባንያዎች ያገኙትን ጉድለት ለባለቤቶች እንዲያስታውቁ አስገደደ። ማስታወቅ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም፤ ጉድለቱን የሰማው ባለቤት የማስጠገኛውን ዋጋ ከኪሱ እንዳያወጣ የሚከለክል ነገር ስላልነበረ፥ በ1974 የወጣው ማሻሻያ ጥገናው ያለ ዋጋ እንዲሆን ደነገገ። ዛሬ አንድ ኩባንያ የደኅንነት ጉድለት መኖሩን ካረጋገጠ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ማመልከት፥ ከዚያም በ60 ቀናት ውስጥ ለባለቤቶች በፖስታ መጻፍ አለበት። ጥገናው ገና ያልተዘጋጀ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ደብዳቤ አይቀርም፤ ሁለተኛው መፍትሔው ሲገኝ ይከተላል።

በሕጉ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ቃል «ደኅንነት» የሚለው ነው። ቀለሙ የለቀቀ፥ ወንበሩ የሚንቋቋ፥ ከተነገረለት በላይ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ገዢውን ያስቈጣዋል እንጂ ለእርማት ጥሪ አያበቃም፤ እንዲህ ያለው የዋስትናና የውል ጉዳይ ነው። ጥሪ የሚደረገው ጉድለቱ በሰው ላይ ከመጠን ያለፈ አደጋ የሚያስከትል ሲሆን ነው። ልዩነቱ በወረቀት ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ተጣምሮ በሚሠራው በሃይብሪድ መኪና ላይ ሲደርስ ግን ምን ያህል እንደሚወሳሰብ የሁለት ፒክአፖች ታሪክ ያሳያል።

ፎርድ ኩባንያ ማቨሪክ የተባለውን ትንሽ ፒክአፕ ለሕዝብ ያሳየው በሰኔ 2021 ነው። በሜክሲኮ አገር በኤርሞሲዮ ከተማ የሚገጣጠመው ይህ መኪና፥ 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ይዞ፥ ማጓጓዣውን ሳይጨምር በ19,995 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ ቀረበ። በከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን 42 ማይል፥ ማለትም በአንድ ሊትር ወደ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሄድ ተመዘገበለት። ለአናጺው፥ ለቧንቧ ሠራተኛው፥ ዕቃውን ራሱ ለሚያመላልሰው ባለሱቅ የተመቸ ሆኖ በመገኘቱም ፈላጊው ከአቅርቦቱ በለጠ፤ ኩባንያው በጥር 2022 የዚያን ዓመት ትእዛዝ መቀበል አቆመ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከባዱ ጥሪ መጣ። ማቨሪክን፥ እስኬፕንና ሊንከን ኮርሴርን ጨምሮ በዚሁ 2.5 ሊትር ሞተር የሚሠሩ 100,689 መኪናዎች ተጠሩ። የአደጋው አካሄድ እንዲህ ነው፤ በፋብሪካ የተፈጠረ ጉድለት ያለበት ሞተር ከውስጥ ሲሰበር ብሎኩን ወይም የዘይቱን ቋት ይበሳዋል፤ የፈሰሰው ዘይትና የቤንዚኑ ተን በኮፈኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ተኑም የጋለውን የሞተር ክፍል ወይም የጭስ ማውጫውን ሲያገኝ እሳት ይነሣል። ኩባንያው ያቀረበው እርማት ሞተሩን ራሱን የሚነካ አልነበረም። ከሞተሩ ሥር ያለው መከለያ እንዲስተካከልና ከፊት ለፊት ካለው የአየር ማስገቢያ መዝጊያ ቅጠሎች እንዲነሡ፥ በዚህም ዘይቱና ተኑ ሳይጠራቀም ወደ ውጭ እንዲወጣ ታሰበ። እርማቱ የተዘጋጀው ሞተሩ እንዳይሰበር ሳይሆን፥ ሲሰበር መኪናው እንዳይቃጠል ነው። ገንዘቡን ከፍሎ አዲስ መኪና የገዛ ሰው እንዲህ ያለውን መፍትሔ በጥርጣሬ ቢያይ የሚፈረድበት አይደለም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ዓመት ሳይሞላ በ2023 ያው ጉዳይ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ የተጠሩት ከ125,000 በላይ ነበሩ፤ ቀደም ብለው የተጠገኑትም አዲሱን እርማት እንዲያገኙ እንደገና ተጠሩ። ሁለተኛው መፍትሔ የሞተርን መሰበር ለይቶ የሚያውቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ለነጂዎችም ያልተለመደ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ፥ ኃይሉ በድንገት ሲቀንስ ወይም ጭስ ሲያዩ አደጋ በሌለበት ስፍራ ቆመው ሞተሩን እንዲያጠፉ ምክር ተሰጠ። እንግዲህ ያገለገለ ማቨሪክ የሚገዛ ነጋዴ «ጥሪው ተፈጽሟል» ሲሉት የትኛው ጥሪ፥ በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ወኪል ዘንድ ብሎ ካልጠየቀ፥ የ2022ን ወረቀት ይዞ የ2023ን አደጋ ሊገዛ ይችላል።

ከዚህ ሌላ በ2024 ወደ 243,000 የሚጠጉ ማቨሪኮች፥ ሃይብሪድ ያልሆኑት ጭምር፥ የኋላ መብራታቸው ሊጠፋ ይችላል ተብለው ተጠርተዋል፤ ይህም በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚታረም ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኩባንያው ስለ ሌላ ጥሪ፥ ማለትም ስለ ኋላ ማሳያ ካሜራ፥ በጊዜው አላስታወቀም ተብሎ እስከ 165 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት በስምምነት ተቀበለ። በ2025 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ በጠራው የጥሪ ብዛት፥ ጄኔራል ሞተርስ በ2014 አስመዝግቦት የነበረውን የ77 ጥሪዎች ብዛት ዓመቱ ሳያልቅ በለጠ። ቁጥሩ ብቻውን ግን የመኪናውን ክፋት አይመሰክርም። አጥብቆ የሚመረምር ኩባንያ ብዙ ይጠራል፤ የሚደብቅ ኩባንያ ጥቂት ይጠራል፤ ሻጭና ገዢ የሚያመዛዝኑት የጥሪውን ምክንያትና የእርማቱን ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ፒክአፕ የቶዮታ ታንድራ ነው። በ2024 ቶዮታ የ2022 እና የ2023 ሞዴል ታንድራዎችንና የሌክሰስ መኪናዎችን፥ በጠቅላላው ወደ 102,000 ያህል፥ ጠራ። ሞተሩ በፋብሪካ ሲቀረጽ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ውስጡ በመገኘቱ፥ ፍርፋሪው ኮሎው የሚያርፍባቸውን ኩሽኔታዎች እየበላ ሞተሩን በጉዞ ላይ ሊያቆመው ይችላል። እርማቱም ሞተሩን በሌላ መተካት ሆነ፤ በ2025 መጨረሻ ገደማም ወደ 127,000 የሚሆኑ ሌሎች መኪናዎች በተመሳሳይ ምክንያት ተጨመሩ። ሆኖም በ2024ቱ ጥሪ የሃይብሪዱ ታንድራ ከስም ዝርዝሩ ውጭ ቀረ። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት የቤንዚኑ ሞተር ቢቆም እንኳ የኤሌክትሪኩ ሞተር መኪናውን በመጠኑ መግፋቱን ስለሚቀጥል ነጂው በአውራ ጎዳና መካከል ያለ ኃይል አይቀርም የሚል ነው።

በሕጉ ዐይን ይህ ክርክር ያስኬዳል። በባለቤቱ ዐይን ግን ሌላ ነው፤ ዋጋ ጨምሮ ሃይብሪዱን የገዛው ሰው ሞተሩ ቢሰበርበት፥ ተራውን ከገዛው ጎረቤቱ በተለየ፥ ተስፋው በዋስትናው ላይ ብቻ ይሆናል። ቶዮታ በአሜሪካ ለሞተርና ለኃይል ማስተላለፊያ የሚሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። በ61,000 ማይል ለሚሰበር ሞተር በጥሪና በዋስትና መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሙሉ ሞተር ዋጋ ነው። በፎርዱ ላይ የሞተር መሰበር እሳት በማስከተሉ ጥሪ ሆነ፤ በቶዮታው ላይ ሁለተኛው ሞተር መኪናውን ስለሚያንቀሳቅስ ጥሪ ሳይሆን ቀረ።

ከጥሪ ዝርዝር ውጭ የቀረ ባለቤት መሣሪያው አቤቱታ ነው። የአሜሪካው አስተዳደር የማንኛውንም ባለቤት አቤቱታ ተቀብሎ ለሕዝብ ግልጽ ያደርጋል፤ ተመሳሳይ አቤቱታ ሲበዛም ምርመራ ሊከፍት ይችላል። ፍሬ ያለው አቤቱታ ስድብና ምሬት የበዛበት አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን፥ የተነዳበትን ርቀት፥ በወቅቱ የነበረውን ፍጥነት፥ የበራውን የማስጠንቀቂያ መብራት፥ ወኪሉ የሰጠውን የጽሑፍ መልስ የያዘ አቤቱታ፥ «መኪናው አታለለኝ» ከሚል ረጅም ደብዳቤ ይልቅ መርማሪውን ይረዳዋል። በዚህ ረገድ ወኪሉ ጋራዥ የሚሰጠው የሥራ ትእዛዝ ወረቀት፥ «ጉድለት አልተገኘበትም» የሚል ቢሆን እንኳ፥ መጣል የለበትም፤ ባለቤቱ መቼ እንዳመለከተ ያስረዳል።

ከውጭ አገር የሚመጣ አቤቱታም ዋጋ እንዳለው የፋየርስቶን ጎማ ታሪክ ይመሰክራል። በነሐሴ 2000 በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች ከመጠራታቸው በፊት፥ ፎርድ በ1999 በሳዑዲ ዐረቢያና በሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች እነዚህኑ ጎማዎች ይለውጥ ነበር፤ የአሜሪካው አስተዳደር ግን አልተነገረውም። በዚሁ ምክንያት በ2000 የወጣው ሕግ ኩባንያዎች በውጭ አገር የሚያደርጉትን ጥሪ ጭምር በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቁ ግዴታ ጣለባቸው።

የሻጩ ግዴታ በሦስት መልክ ይታያል። አዲስ መኪና የሚሸጥ ወኪል ጥሪው ሳይፈጸም መኪናውን ማስረከብ አይችልም። ከ2016 ወዲህ 35 ወይም ከዚያ በላይ መኪናዎች ያሉት አከራይም ሳያስጠግን ማከራየት ተከልክሏል። ያገለገለ መኪና ነጋዴ ግን በፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም፤ ስለዚህ ጥሪ ያልተፈጸመበት ፒክአፕ ታጥቦ፥ ተወልውሎ፥ ያለ ምንም ማስታወሻ ለሽያጭ ሊቆም ይችላል። ለአስመጪ ደግሞ ሕጉ ይከብዳል፤ መኪና ወይም የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ለንግድ ወደ አሜሪካ የሚያስገባ ሰው በዚህ ሕግ እንደ ሠሪ ይቈጠራል፤ ጥሪውንም ወጪውንም ይሸከማል።

የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው በተመዘገበው ባለቤት አድራሻ ነው። መኪናው በጨረታ ተሸጦ፥ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ደብዳቤው በአሜሪካ ይቀራል። አስመጪው ሊተማመንበት የሚችለው በመስተዋቱ ሥር በነጂው በኩል የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ነው። ከ1981 ወዲህ ይህ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱም «አይ»፥ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ቁጥሩ በአስተዳደሩ የኢንተርኔት መዝገብ ሲጠየቅ ያልተፈጸመ ጥሪ መኖሩ ያለ ክፍያ ይታወቃል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን እንጂ ለባሕረ ሰላጤ ወይም ለአውሮፓ የተሠሩትን ላያሳይ ይችላል፤ «አልተገኘም» የሚለው መልስ «ጉድለት የለበትም» ተብሎ መተርጐም የለበትም።

ፍተሻው መደረግ ያለበት ገንዘቡ ከመተላለፉና መኪናው ከመጫኑ በፊት ነው። ቀድሞ ጥሪ ማለት ብዙ ጊዜ የተሰበረ ዕቃ መለወጥ ስለነበረ ብልህ መካኒክ በየትኛውም ጋራዥ ሊሠራው ይችል ነበር። እንደ ማቨሪክ ሁለተኛ ጥሪ ያለው እርማት ግን በወኪሉ መሣሪያ የሚጫን ፕሮግራም በመሆኑ ተራው ጋራዥ ሊያደርገው አይችልም። ወኪሉ ባለበት አገር ሳለ ያስጠገነና የጥገናውን ወረቀት ከመጫኛ ሰነዱ ጋር ያያያዘ ላኪ ከዚህ ችግር ይድናል። በአሜሪካ ያለ ዋጋ የመታረም መብቱ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለሚወጡ ጥሪዎች የሚቈይ ሲሆን፥ በ2021 ለተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ማቨሪኮች ይህ ጊዜ የሚያበቃው በ2036 ነው።