ጋራዡን መኝታ ቤት ለማድረግ

ጥያቄ፦ ሚዛን ተፈሪ ነው የምኖረው። ጋራዡን መኝታ ቤት ላደርገው አስቤአለሁ። ወለሉ ላይ ፎም ይነጠፍ ወይስ ጣውላ ይበቃል?

መልስ፦ እናንተ አገር የሚያስቸግረው ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ለፎም ገንዘብ አያውጡ። መጀመሪያ ሜትር በሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት፤ በማግስቱ ይዩት። ከሥሩ ካላበው ውሃው ከመሬት ይመጣል። ከላዩ ከሆነ ግን ከአየሩ ነው፤ መስኮት ማስፋት ይሻላል።

ከመሬት ከሆነ ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ፤ መጋጠሚያውን 15 ሳንቲ ሜትር ያደራርቡ፣ ጠርዙንም ግድግዳው ላይ ከፍ ያድርጉት። በላዩ 7 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ይፈስሳል፤ በደንብ ሲደርቅ ሴራሚክ። ጣውላውን ይርሱት፤ ምስጥ ይቀድምዎታል። ወለሉ ከፍ ስለሚል በሩ ከታች መቆረጡ አይቀርም፤ ለአናጺው አስቀድመው ይንገሩት።