በበዓል ሰሞን በቤት ስለሚነበብ የመጽናኛ ንባብ

የጌታችን የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ቀን፥ ከተከበረ በኋላ ጥር 11 ቀን ጥምቀት እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ምእመናን ከወትሮው ይልቅ በቤታቸው የሚሰበሰቡበት ሰሞን ነው። ዳቦው ይቈረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ይጠየቃል። በዚያው ቤት ውስጥ ግን በዓሉ ለሁሉ ሲደርስ ለእርሱ ያልደረሰለት ሰው አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። ባሏን በዚያው ዓመት የቀበረች ሴት ትኖራለች፤ ከአልጋው ያልተነሣ በሽተኛ ይኖራል፤ ዐይናቸው ፈዝዞ ዳዊታቸውን ዘግተው ያስቀመጡ አረጋዊም ይኖራሉ። እኛ ካህናት እንዲህ ወዳለው ቤት ገብተን ጸሎት አድርሰን፥ ዳቦውን ባርከን እንወጣለን። አሁን ልንናገርለት ያሰብነው ከወጣን በኋላ በዚያ ቤት ሊነበብ ስለሚገባው ነገር ነው።

ለዚህም ነገር በመጽሐፈ ነህምያ በምዕራፍ 8 የተጻፈው ታሪክ መሠረት ይሆነናል። ከምርኮ የተመለሱት ሕዝበ እስራኤል በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰቡ። ጸሓፊው ዕዝራም ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ድረስ የሕጉን መጽሐፍ አነበበላቸው፤ ሌዋውያንም የተነበበውን ትርጓሜውን ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ቃሉን ሲሰሙ አለቀሱ። አለቆቻቸውም ቀኑ የተቀደሰ ነውና እንዳያለቅሱ፥ ሄደውም እንዲበሉና እንዲጠጡ፥ ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ደግሞ ድርሻውን እንዲልኩለት ነገሯቸው። ሕዝቡ ደስ ብሏቸው የሄዱበትን ምክንያት መጽሐፉ ሲናገር፥ የተነገራቸውን ቃል ስላስተዋሉ ነው ይላል እንጂ ስለ መብሉ ብቻ አይልም። ቀጥሎም በዳስ በዓል ሰባቱን ቀን ሁሉ በየዕለቱ ይነበብ ነበር። እንግዲህ ንባብ ከጾሙ ወራት የተረፈ ሥራ ሳይሆን የበዓሉ አንድ ክፍል መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በደስታው ቤት ምንም ያልተዘጋጀለት ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ እንጀራ ከጐደለበት ድኻ ጋር ኀዘንተኛውም ይቈጠራል። የእርሱ ድርሻ የሚያስተውለው ቃል ነው።

ይህን የተረዳነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የልደት በዓል ማታ፥ ልጃቸውን በጥቅምት ወር ወደ ቀበሩ አንዲት እናት ቤት ገባን። ጥቂት ነገር እንድናነብላቸው ለመኑን። እኛም እንደ ልማዳችን ዳዊቱን ገልጠን፥ ከንባብ ቤት ጀምሮ በለመድነው ፍጥነት፥ በግእዝ ብዙ መዝሙር ደገምን። ከጨረስን በኋላ መጽሐፉን ተሳለሙ፤ ጥቂትም ዝም ብለው ቆዩና «አባቴ፥ ለእኔ የሚሆን ቃል ነበረበትን?» ሲሉ ጠየቁን። እጅግ አፈርን። የተደገመው ሁሉ ለእርሳቸው የሚሆን ነበርና፤ ነገር ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ እንጂ ወደ እርሳቸው አልደረሰም። ተመልሰን ተቀመጥን፤ በግእዙ ዳዊት 41ኛውን፥ በዕብራይስጡ ቍጥር 42ኛውን መዝሙር መርጠን ከመምህራችን በሰማነው መጠን በአማርኛ ተረጐምንላቸው። በዚያ መዝሙር የሚናገረው ሰው ሌሊትና ቀን እንባው ምግቡ ሆኖበታል፤ አምላክህ ወዴት ነው እያሉ ይጠይቁታል፤ እርሱም ቀድሞ ከሕዝቡ ጋር በበዓል ድምፅ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ እንደ ነበረ እያሰበ ነፍሱን ያጽናናታል። ይህን ሲሰሙ «እንደዚህ ያለ ሰው በዓል ሲመጣ ያለቅስ ኖሯልን?» አሉን፤ «እንደ ገና ይበሉልኝ» ብለውም ደገሙን። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ መዝሙራት በጻፈው መልእክት መዝሙር ለሚያነበው ሰው ነፍሱን እንደ መስተዋት እንደሚያሳየው የተናገረው በዚያች ማታ በዐይናችን ታየን።

ከዚህ የተነሣ ግእዙ ይቅር አንልም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የግእዙን ድምፅ ሲሰሙ የኖሩ አረጋውያን በድምፁ ብቻ የሚጽናኑ አሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በግእዝ ጥቂት ይነበብ፤ ከዚያም አማርኛው ይከተል። ቤተ ክርስቲያናችን 81ዱን መጻሕፍት በአማርኛ በ2000 ዓ.ም. አሳትማለችና መጽሐፍ የለም የሚል ምክንያት ብዙ አያቆምም። አንባቢውም ካህን መሆን አያስፈልገውም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሚስትና ልጆች አሉኝ፥ መጽሐፍ ማንበብ የመነኮሳት ፈንታ ነው የሚለውን ሰው ሲገሥጽ፥ በዓለም መካከል የሚቈስለው ሰው መድኃኒቱን አብልጦ ይሻል ብሎ ያስተምራል።

ሆኖም መምረጥ ያስፈልጋል። ወደ ኀዘን ቤት መጽሐፈ ኢዮብን ይዘው የሚገቡ ብዙዎች ናቸው፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ አንዱ ክፍል የሦስቱ ወዳጆቹ ንግግር መሆኑን፥ እነርሱንም እግዚአብሔር በመጨረሻው ምዕራፍ እንደ ተቈጣቸው ያላወቀ አንባቢ የኤልፋዝን ቃል የእግዚአብሔር ፍርድ አስመስሎ በኀዘንተኛው ላይ ሊጭንበት ይችላል። እነዚያ ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ የሚሻለው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው መቀመጣቸው ነበር። አንባቢም አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቶ እንዲሁ ቢያደርግ ይገባዋል። ብዙ ማንበብም አያስፈልግም። ያው አንድ ምዕራፍ በየማታው ቢደገም የሚሰለቸው አንባቢው ነው እንጂ ያዘነው ሰው አይደለም።

እኒያ እናት ዛሬ አርጅተዋል። ያንኑ መዝሙር በየልደቱ የሚያነብላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ የሚያነበውም ከእጅ ስልኩ ላይ ነው። መጀመሪያ ይህን ስናይ የብራናው ፍቅር ይዞን ጥቂት ቅር ብሎን ነበር፤ እርሳቸው ግን አላስተዋሉትም። ልጁ ሲቸኩል ብቻ ዐይናቸውን እንደ ጨፈኑ «ቀስ በል ልጄ፥ ገና አልሰማሁትም» ይሉታል።