ለመስቀል ሄደሽ አያትሽ ቢረሱሽ

ነይ እስቲ፣ እንባሽን ጥረጊና እዚህ ተቀመጪ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ድረስ ሄደሽ ዘጠና ያለፋቸው አያትሽ «የማን ልጅ ነሽ?» ቢሉሽ ሆድሽ መባባቱ አይገርመኝም። «የዘር ነው፣ ለእኔም አይቀርልኝ» እያልሽ ክትፎውን ማስቀዝቀዝሽን ግን ተይው፣ የኔ ቆንጆ።

መጀመሪያ ስለዚያ ዘር ልንገርሽ። ሐኪሞቹ ኤፖኢ የሚሉት ዘረ መል አለ፤ አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው በፈረንጆች 1993 ነው። ሁላችንም ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እንወርሳለን። ከዘረ መሉ ዓይነቶች አራተኛው የሚባለው አደጋውን ይጨምራል፣ ሁለተኛው የሚባለው ይቀንሳል። አራተኛውን ከሁለቱም ወገን ወርሰው አእምሯቸው ሳይነካ የሚያረጁ አሉ፤ ጭራሽ ሳይኖራቸው የሚረሱም ሞልተዋል። ደግሞ የአራተኛው ጫና የሚበረታው በስልሳና በሰባዎቹ ዕድሜ ነው፣ ዘጠና ላይ ይላላል። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ ዮሩባዎች ሲጠኑም ከፈረንጆቹ ይልቅ ደከም ብሎ ነው የተገኘው። እንግዲህ የዘጠና ዓመት መርሳት ስለ አንቺ ምን ያህል ሊናገር ነው?

ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርደው ሌላ ነው፤ ብርቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሐኪም አማክሪ። ከሌለ፣ አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «ዘርሽን የሚያሳይ የምራቅ መመርመሪያ ልላክልሽ» ሲል «ገንዘቡን ለአያታችን የመስሚያ መሣሪያ አድርገው» በይው። ቀልዴን አይደለም። በ2024 የላንሴት ኮሚሽን ሊስተካከሉ ይችላሉ ካላቸው 14 ምክንያቶች የጆሮ መድከም አንዱ ነው፤ ግፊት፣ ስኳር፣ የዓይን መድከም፣ ብቸኝነትም አሉበት። በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። መጀመሪያ ግን ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ሐኪም ዘንድ አሳዪላቸው፤ አንዳንዴ ጉዱ ያ ብቻ ነው!

በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጡ «እርጅና ነው» ብለሽ አትቀመጪ። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ቡታጅራ ላሉት ዘመዶችሽም የሚረሳ ሰው ካላቸው የከተማው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለው ንገሪያቸው፤ ጠበል ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ።

በፊታቸው «ጃጅተዋል» እንዳትዪ፣ እሰማሻለሁ። «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» እያልሽም አትፈትኛቸው፤ ገብተሽ ጉልበት ሳሚና ራስሽ ስምሽን ንገሪያቸው። አማርኛው ቢጠፋባቸው በጉራጊኛ አጫውቻቸው። የአንቺን ግፊት ደግሞ ስትመለሺ ተለኪ፤ ባለፈው ዓመትም እለካለሁ ብለሽኝ ነበር።