ከወደቀ አውቶሞቢል የሞተር ክፍሎችን ስለ ማዳን

ብረት የብዙ ሰው ድካም የተከማቸበት ዕቃ ነው። ከምድር ተቈፍሮ፥ በእሳት ቀልጦ፥ በመለኪያ ተስተካክሎ አንድ የሞተር ክፍል እስኪሆን ድረስ ብዙ ዕውቀትና ብዙ ጕልበት ፈሶበታል። ስለዚህ አንድ አውቶሞቢል ከመንገድ ወጥቶ በወደቀ ጊዜ ነገሩ ሁሉ አብሮ ሞተ ማለት አይደለም። ውጭው በዝገት ቢበላ እንኳ በውስጡ ያለው ሞተር ገና ብዙ ዘመን የሚያገለግል ክፍል ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ደኅናውን ከብልሹው ለመለየት ዕውቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ያለ ዕውቀት የሚፈታ ሰው ሊያድነው የመጣውን ዕቃ ራሱ ያጠፋዋልና።

ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአገራችን ሰው ዘንድ ቮልስ እየተባለ የሚጠራው ትንሹ ቮልስዋገን ነው። የፋብሪካው መሠረት በጀርመን አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. ተጣለ፤ አውቶሞቢሉ በብዛት መሠራት የጀመረው ግን ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በ2003 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ሲሄዱ ይታያሉ። መሠራታቸው ከቀረ ወዲህ ግን የፋብሪካው የመጀመሪያ ሥራ የሆነው ክፍል ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ በግዴለሽነት የተሰበረ አንድ ክፍል በቀላሉ አይተካም።

የሞተሩ አሠራር

የቮልስ ሞተር በስተኋላው ይገኛል። ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ተኝተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ አይደለም፤ በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነፋስ እየነፋበት ነው። ውሃ የሚሄድበት መንገድ ስለሌለው ብዙ ዓመት ቆሞ ቢገኝ እንኳ በውሃ ምክንያት ከውስጡ አይበላም። ነገር ግን የነፋሱን መንገድ በሚሸፍነው ቆርቆሮ ሥር አይጥ ጎጆ ትሠራለች፤ ጎጆው ሳይጠረግ ሞተሩ ቢነሣ በሙቀት ይቃጠላል።

ከመፍታት አስቀድሞ

ከሁሉ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ መቀበል ይገባል። የወደቀ ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሞተሩ ቍጥር ዲናሞው በሚቀመጥበት እግር አጠገብ ተቀርጾ ይገኛልና፥ ይህን ቍጥር በሽያጩ ወረቀት ላይ መጻፍ ሻጩንም ገዢውንም ከክርክር ያድናል።

ቀጥሎ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ የቤንዚኑ መንገድ ይዘጋል፤ ዘይቱም በዕቃ ይቀዳል። አሮጌ ዘይት በመሬት ላይ ወይም በጕድጓድ ውሃ አጠገብ ማፍሰስ የመንደሩን መጠጥ ማበላሸት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ሞተሩ አልዞር ያለ እንደ ሆነ በጕልበት ማስገደድ አያስፈልግም። አራቱ ካንዴላዎች ተነቅለው በየቀዳዳው ስስ ዘይት ይጨመርና ለጥቂት ቀን ይተዋል። ከዚያም በፑሌጃው ዳዶ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያሉ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ስለ አፈታቱ

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋራ የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። ክብደቱ 100 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ በክሪክ ደግፎ ቀጥታ ወደ ኋላ መሳብ ይገባል። በፍሪሲዮኑ መካከል የሚያልፈው ዘንግ ሳይወጣ ሞተሩ በላዩ ላይ ቢንጠለጠል ፍሪሲዮኑ ይጐብጣል።

በሲሊንደሮቹ ራስ ላይ የሚቀመጠውን ክፍል መካኒኮች ቴስታታ ይሉታል። እያንዳንዱ ቴስታታ በ8 ዳዶ ታስሯል። አንዱን ዳዶ ጨርሶ ከፈቱ በኋላ ወደ ሁለተኛው መሄድ አይገባም፤ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት ማላላት ነው። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ ባልተስተካከለ ኃይል ይጣመማልና።

የሞተሩ ዋና ቤት ሁለት እኩሌታ ነው። ፋብሪካው ሁለቱን አንድ ላይ ገጥሞ ስለ ሠራቸው የአንዱን ሞተር ግራ ከሌላው ሞተር ቀኝ ጋራ ማጋጠም አይቻልም። በሚከፈቱም ጊዜ በመካከላቸው ካቻቪቴ ማስገባት ክልክል ነው፤ ካቻቪቴው የሚጭረው ጭረት የዘይት መፍሰሻ ይሆናልና። ዳዶዎቹ ሁሉ መውጣታቸው ከተረጋገጠ በኋላ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

እያንዳንዱ ፒስቶን ከሲሊንደሩ ጋራ፥ ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያገናኘው እያንዳንዱ ቤላም ከገዛ ክዳኑ ጋራ እንደ ተጋባ ይኖራል። ስለዚህ በወጡበት ሰዓት ምልክት ማድረግ ይገባል። በፒስቶኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ያመለክታል፤ ይህም መልሶ ለሚገጥም ሰው መሪ ነው። ብሎኖቹም የየክፍላቸው ስም በተጻፈበት ከረጢት ይቀመጡ።

ስለ ምርመራው

ክፍሉ በላምባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በብርሃን ይመረመራል። ዐይን የወደደውን ሁሉ መለኪያ አይወደውም። 1300፥ 1500 እና 1600 በሚባሉት ሞተሮች ቤላዎቹ የሚታሰሩበት የኮሎው አንገት አዲስ ሳለ ውፍረቱ 55 ሚሊሜትር ነው። ያረጀ እንደ ሆነ በቶርኖ ቤት በ0.25 ሚሊሜትር መጠን ተሞርዶ፥ ለዚያ ልክ የተሠራ አዲስ ብሮንዚና ይገባለታል። ኮሎውን በገመድ ሰቅሎ በትንሽ ብረት መታ ቢያደርጉት ደኅናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ይህ የመጀመሪያ ፈተና ነው እንጂ በመለኪያና በመሣሪያ የሚደረገውን ምርመራ አይተካም።

በቴስታታው ላይ በቫልቮቹ መቀመጫና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሞተር ስንጥቅ የሚበዛው በዚህ ስፍራ ነው። ደግሞም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1971 ዓ.ም. በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ በ3ኛው ሲሊንደር ላይ የሚወርደውን ነፋስ ይከለክል ስለ ነበር ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ስለዚህ የ3ኛው ሲሊንደር ፒስቶንና ቫልቮች ከሌሎቹ አብልጠው ይመርመሩ።

ስለማይድኑት ክፍሎች

ሁሉን ላድን የሚል ሰው ሁሉን ያጣል። የጢስ መውጫ ቫልቭ ውጭው ቢያምርም ብዙ ዘመን በእሳት ውስጥ የኖረ ነው፤ ራሱ ተቈርጦ ቢወድቅ ፒስቶኑን በስቶ ቀሪውን ሞተር ያፈርሰዋል። በጥቂት ብር አዲስ ቫልቭ መግዛትን የናቀ ሰው በኋላ ሙሉ ሞተር ይከፍላል። የፒስቶን ፋሻ፥ ብሮንዚና፥ ጓርኒሲዮን፥ የጎማ ቱቦና የዘይት መከልከያ ሁሉ እንዲሁ በአዲስ ይለወጣሉ።

ስለ አደጋ

የሞተሩ ቤት የተሠራው ከማግኒዚየም ድብልቅ ነው። ይህ ብረት፥ ይልቁንም ፍቅፋቂው፥ እሳት ከያዘው በውሃ አይጠፋም፤ ውሃ ቢጨመርበት ነበልባሉ ይብሳል። ስለዚህ በአጠገቡ እሳት ማንደድና በብየዳ ማሞቅ አይገባም፤ ደረቅ አሸዋም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በአሮጌ ፍሪሲዮንና በአሮጌ ጓርኒሲዮን ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጐዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል ትቢያውን በነፋስ መንፋት ክልክል ነው፤ በውሃ አርጥቦ በጨርቅ ማንሣትና ጨርቁን በከረጢት አስሮ ማስወገድ ይሻላል።

በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ ያረጀ ብረት ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ከወደቀ ሞተርም መዳን የማይችለው ክፍል እንዲህ ላለው ሥራ ቢውል ክብሩ ነው፤ መዳን የሚችለው ግን ወደ ሞተሩ ይመለስ። የባለሙያ ዋጋ በአንድ ቀን ስንት ፈታ ተብሎ አይቈጠርም፤ ከፈታው ውስጥ ስንቱ መልሶ ሠራ ተብሎ ነው እንጂ።

የአስተማሪው ጥያቄዎች

1ኛ. የሞተሩ ቍጥር በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ስለ ምንድር ነው?
2ኛ. የቴስታታው ዳዶዎች በየተራ ጥቂት ጥቂት የሚላሉበት ምክንያት ምንድር ነው?
3ኛ. ውጭው ያማረ የጢስ መውጫ ቫልቭ ለምን ይጣላል?
4ኛ. የማግኒዚየም እሳት በተነሣ ጊዜ ምን ማድረግ፥ ከምንስ መጠበቅ ይገባል?