ክሬያቲኒን 1.2 ሲሆን፦ ፋርማሲስቱና ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም

ሁለት ሕሙማን የደም ምርመራ ውጤታቸውን ይዘው ወደ አንድ የሆስፒታል መድኃኒት ቤት መጡ እንበል። አንዱ የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ነው። ሌላዋ የ70 ዓመት እናት ሲሆኑ 45 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በሁለቱም ወረቀት ላይ ክሬያቲኒን በዴሲ ሊትር 1.2 ሚሊ ግራም ተብሎ ተጽፏል። ቅጹ ለአዋቂ ሁሉ አንድ ወሰን ብቻ የሚያሳይ በመሆኑ የሁለቱም ውጤት «ጤናማ» ተብሏል። ኩላሊታቸው ግን እኩል ይሠራልን?

ክሬያቲኒን ጡንቻ የሚያመነጨው ቆሻሻ ነው፤ ከደም የሚወገደውም በዋነኛነት በኩላሊት ነው። ጡንቻቸው የሳሳ አረጋዊት የሚያመነጩት ጥቂት ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው ቢደክምም እንኳ በደማቸው ውስጥ የሚታየው መጠን ብዙም ከፍ አይልም። ከዚህም በላይ፣ ክሬያቲኒኑ 0.6 የነበረ ሰው ወደ 1.2 ቢደርስ የማጣራት አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል ማለት ነው፤ ወረቀቱ ግን ምንም አላለም።

ኮክክሮፍትና ጎልት እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ቀመር ለዚህ ይረዳል። ዕድሜን ከ140 ቀንሰን በክብደት እናባዛለን፤ የተገኘውን 72 ጊዜ ክሬያቲኒን ለሆነው ቁጥር እናካፍላለን፤ ለሴት ደግሞ ውጤቱን በ0.85 እናባዛለን። ለወጣቱ በደቂቃ 93 ሚሊ ሊትር፣ ለእናታችን 31 ሚሊ ሊትር ገደማ እናገኛለን። ጄንታማይሲን ከሞላ ጎደል በሙሉ በኩላሊት የሚወገድ መድኃኒት ነውና፣ ለሁለቱም በእኩል መጠንና በእኩል የሰዓት ልዩነት ቢሰጥ በእናታችን ደም ውስጥ እየተከማቸ ጆሯቸውንና ያንኑ የደከመ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ሆኖም በአንድ ቀን ስሌት ብቻ «ሥር የሰደደ» አይባልም። የማጣራት አቅሙ ከ60 በታች መሆኑ፣ ወይም እንደ አልቡሚን በሽንት መታየት ያለ የጉዳት ምልክት፣ ቢያንስ ለ3 ወራት መቆየት አለበት። በነገራችን ላይ፣ በላቦራቶሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ሌላ ቀመር ለጥቁር ሰዎች ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ማባዣ የሌለው አዲስ ቀመር ወጥቷል። አሮጌውን ይዞ የሚያሰላ ፋርማሲስት የደከመውን ኩላሊት ደህና ሊያስመስለው ይችላል።

ከስሌቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ያለ ማዘዣ የሚሸጠው መድኃኒት ነው። እናታችን ለደም ግፊት ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ እንበል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ኢቡፕሮፌን ይገዛሉ። ኢቡፕሮፌን ደም ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያ የሚገባበትን ቀጭን ሥር ያጠብበዋል፤ ኤናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋዋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ኩላሊቱም በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ሐኪሙ ስለ ኢቡፕሮፌኑ ላያውቅ ይችላል፤ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው መስኮቱ ላይ የቆመው ባለሙያ ነው።

ሕመሙ ሲገፋ ተጓዳኝ ችግሮች ይከተላሉ። ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ሲያቅተው ደም ማነስ ይመጣል፤ መርፌው ከመታዘዙ በፊት ግን የብረት ማዕድን እጥረት መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ፎስፌት ሲከማች ካልሲየም ካርቦኔት ሊታዘዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት ፎስፌትን የሚይዘው ከምግብ ጋር አንጀት ውስጥ ሲገናኝ ነው፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ለዚህ ዓላማ ብዙም አይጠቅምም። ከብረት እንክብል ጋር አብሮ ከተወሰደ ደግሞ የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ፓኮው ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ባይሆንም በቂ አይደለም።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ይሰርጻል ብለን እናምናለን። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ የፋርማሲ ትምህርት በሽተኛውን ማዕከል ወዳደረገ የአምስት ዓመት ሥርዓት የተሸጋገረው ተማሪው በሕክምና ክፍሎች እንዲሠለጥን ነው።

ለአንባቢ አንድ መልመጃ እንተው። እናታችን ከወር በኋላ እግራቸው አብጦ፣ ክብደታቸው 50 ኪሎ ግራም ደርሶ፣ ክሬያቲኒናቸው ግን እንደ ፊቱ 1.2 ሆኖ ተመለሱ። ቀመሩ አሁን 34 ይላል። ኩላሊታቸው ተሻሽሎ ነው፣ ወይስ ያሰላነው ውኃውን ነው?