በመዝገብ ያልገባ ሥራ
ስለ ወንዶችና ስለ ሴቶች የሥራ ተሳትፎ የቀረበ ትምህርት

በደብረ ማርቆስ ገበያ የሚሸጠውን ጋቢ ገልብጦ የሚመለከት ገዢ በአንድ ዕቃ ላይ የሁለት ሰው ድካም ያገኛል። ጥጡን ዳምጣና ነድፋ በእንዝርት የፈተለችው ሴት ናት፤ ድሩንና ማጉን አዋሕዶ የሸመነው ወንድ ነው። ሸማኔው በሙያው ስም ይጠራል፥ ዋጋውንም ይቀበላል። ፈታይቱ ግን ለቤቷ ልብስ የፈተለች እንደ ሆነ ድካሟ የቤት ሙያ ይባላል እንጂ ዋጋ አይቈረጥለትም።

የሥራ ተሳትፎ ማለት ዕድሜያቸው ለሥራ ከደረሰው ሰዎች መካከል የሚሠሩትና ሥራ የሚፈልጉት ድርሻ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀመጠ። ለገዛ ቤት መፍጨት፥ ውሃ መቅዳትና ልጅ ማሳደግ ሥራ መሆናቸውን ተቀበለ፤ ነገር ግን በሥራ ተሳትፎ የሚቈጠረው ለደመወዝ ወይም ለትርፍ የሚደረገው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ጠላ ጠምቃ ለደቦ የምታቀርብ ሴት አትቈጠርም፤ ያንኑ ጠላ ብትሸጥ ግን ትቈጠራለች። በባሏ መደብር የምትሸጥ ሚስትም ትቈጠራለች፤ ይሁን እንጂ ስሟ «ያለ ክፍያ የምትረዳ ቤተ ሰብ» ነው።

የልዩነቱ ሁለተኛ ምንጭ ሕግ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 635 ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። በቍጥር 645 ደግሞ አንዱ ተጋቢ የሌላውን ሥራ ለትዳሩ ጥቅም ሲል መቃወም ይችል ነበር፤ አለቃው ባል ስለ ሆነ የተቃውሞው ክብደት በሚስት ላይ ያርፍ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግና የአማራ ክልል አዋጅ ቍጥር 79/1995 ባልና ሚስትን በጋራ ሀብት አስተዳደር እኩል አደረጉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የዓለም ባንክ ጥናትም አዲሱ ሕግ አስቀድሞ በጸናባቸው ስፍራዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ድርሻ ከሌላው ይልቅ ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

ይህ ነገር ነጋዴውን በቀጥታ ይነካዋል። በብዙ መደብር ባል ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ ሚዛኑንና ገንዘቡን የምትይዝ ሚስት ናት። ማን በዱቤ እንደ ወሰደ፥ ማን ቃሉን እንደሚያከብር የምታውቅ እርሷ ናት። ሆኖም ፈቃዱ፥ የባንክ ሒሳቡና የዱቤ ውሉ ሁሉ በባል ስም ብቻ ይጻፋል። ባል በድንገት ያረፈ እንደ ሆነ ባለ ዕዳው ይክዳል፤ ጅምላ ሻጩ ዱቤውን ይዘጋል፤ ባንኩም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይጠይቃል። የጋራው ሀብት እኩሌታ በሕግ የሚስት ቢሆንም፥ ክርክሩ እስኪያልቅ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፥ ደንበኛውም ወደ ሌላ በር ይሄዳል።

የጎጃም ገበሬ በዚህ ረገድ ነጋዴውን ቀድሞታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ምዝገባ ሲጀመር የጎዛምን ወረዳ ከመሞከሪያ ስፍራዎች አንዱ ነበር፤ በይዞታው ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጻፈ። መሬቱ በሁለት ስም ከጸና፥ የመደብሩ መዝገብ በአንድ ስም የሚቀርበት በቂ ምክንያት አይታይም።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ይፈጽማል። አንደኛ፥ የሚስቱን የሥራ ዋጋ በወጪ መዝገብ ያሰፍራል፤ ይህን ሳያደርግ ትርፉን የሚያሰላ ሰው ራሱን ያታልላል። ሁለተኛ፥ በባንክ ሒሳቡ ላይ የሁለቱም ፊርማ እንዲሠራ ያደርጋል፥ የዱቤውንም መዝገብ ሁለቱም በሚያነቡት አኳኋን ይይዛል። ሦስተኛ፥ ሴት ሠራተኛ የቀጠረ እንደ ሆነ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፍላል፤ በአዋጅ ቍጥር 1156/2011 የተደነገገውንም ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ሥራውን ያወቀች ሠራተኛ ተመልሳ በቦታዋ ብትገኝ፥ አዲስ ሰው ሲለምድ ከሚጠፋው ዕቃና ከሚሄደው ደንበኛ ይድናል።